እኔን ሆነሽ ንጂው

መስከረም 22 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለከብት ሐኪሟ፤

እንዴት ነሽ? ከብቶቹስ እንዴት ናቸው? እታለም እናትሽ የደም ግፊቷ ተስተካከለላት ወይስ አሁንም መድኃኒቱን ስታስታውስ ብቻ ነው የምትውጠው? ፈጣሪ ሁለታችሁንም በጤና ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራው እንደ ወትሮው ነው፤ መጋዘኑ ይሞላል፣ ይራገፋል፣ ተመልሶ ይሞላል።

የምጽፍልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው፤ አትሳቂብኝ። እዚያው እናንተ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ያገለገሉ ሞተር ሳይክሎች የሚሸጥ ሰውዬ ፎቶ ለጥፎ አየሁ። ጥቁር ክሩዘር ነው። አንቺ ለሥራ የምትነጂያትን ዓይነት ቀጭን ሞተር እንዳይመስልሽ። ክሩዘር ወንበሩ ዝቅ ያለና ሰፊ ነው፣ መሪው ወደ ነጂው ይመጣል፣ እግር ደግሞ ወደ ፊት ተዘርግቶ ነው የሚቀመጡበት። ሶፋ ላይ ሆኖ መንገድ እንደ መሄድ ነው። ፎቶውን ካየሁት ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋም።

ሞተር ደግሞ ሳይነዱት አይገዛም። እዚህ ሆኜ ልነዳው አልችልም፣ እዚያ ደግሞ ከአንቺ ሌላ የማምነው ሞተር የሚያውቅ ሰው የለኝም። ስለዚህ ሄደሽ እኔን ሆነሽ ንጂው። እንደ ራስሽ ሳይሆን እንደ እኔ አስቢ፤ ስልሳ የተጠጋው፣ ረጅም፣ ወፈር ያለ ሰው ነሽ በይ። የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ።

ለእታለም ስለ ሞተሩ አታንሺባት። ስለ መምጣቴ ግን ንገሪያት። በዚህ ዓመት ጠቅልዬ ልገባ ወስኛለሁ።

የሚወድሽ አጎትሽ


ጥቅምት 8 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ ደህና ነን። እናቴ መድኃኒቷን እየዋጠች ነው፤ እኔ ፊቷ ቆሜ ነው የምትውጠው እንጂ።

ሞተሩን ላየው ሄጄ ነበር። ከሥራ በቀጥታ ነው የሄድኩት፤ በሞተሬ ገብቼ፣ ሄልሜቴን አውልቄ ሰላም አልኩት። ሰውዬው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «መንዳት ትችያለሽ?» አለኝ። ጋሼ፣ በሞተር ስገባ እያየኝ ነው እንዲህ ያለኝ።

«ለባልሽ ነው?»

«ለአጎቴ።»

«እሱ ይምጣና ይንዳው።»

«ያለው ሩቅ አገር ነው።»

«ታዲያ አንቺ ስለነዳሽው ለሱ ምን ይታወቀዋል?»

ደብዳቤዎን ሳነብ እኔም ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

ቢሆንም ለመንኩት። «ሳይገዙ መንዳት የለም» አለ። «የመጣው ሁሉ አንድ አንድ ዙር እየነዳ ከሄደ እኔ መናፈሻ ውስጥ ፈረስ አከራይ ነኝ እንጂ ነጋዴ አይደለሁም።» በስንት ልመና እንድቀመጥበት ብቻ ፈቀደልኝ። ስወርድ ከኪሱ ነጭ መሀረብ አውጥቶ የተቀመጥኩበትን ወንበር ወለወለው። እዚያው እያየሁት ነው የወለወለው። የሥራ ሱሪዬ ላይ አቧራ ነበረ፣ አልክድም፤ ግን ዘንድሮ እንደዚያን ቀን አልተናደድኩም።

ሞተሩ ቆንጆ ነው። ከዚህ ሌላ የምነግርዎ የለኝም፤ የቆመ ሞተር እንደ ፎቶ ነው።

መምጣትዎን ለእናቴ ነግሬያታለሁ። «እስቲ እናያለን» አለችና ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። መቼ እንደሚመጡ ቁርጡን ቢነግሩን ጥሩ ነው። ስልክ ስደውል አያነሱም፤ ምነው?

የእህትዎ ልጅ


ህዳር 25 ቀን

ይድረስ ለሐኪሟ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስልክ የማላነሳውም ለዚሁ ነው፤ መጋዘን ውስጥ አይሰማም።

ስለ ባለ መሀረቡ ሰውዬ ብዙ አወቅሁ፣ ስለ ሞተሩ ግን ምንም አላወቅሁም። እኔ የላክሁሽ ለሙከራ ነበር፣ አንቺ ተጣልተሽ ተመለስሽ። ተመልሰሽ ሂጂና ለእነዚህ መልስ አምጪልኝ። ስትቀመጪበት ሁለቱም እግሮችሽ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ይረግጣሉ ወይስ ጣቶችሽ ብቻ ናቸው የሚደርሱት? እግር አሻግሮ ለመቀመጥ ምን ያህል ማንሳት ይጠይቃል? ቆሞ ትንሽ ሲያዘነብል ክብደቱ ወዴት ይወርዳል? በተለይ ወደ ግራ ሲያዘነብል እዪው።

ደግሞ አንድ ነገር። በግራ በኩል የማርሹ ፔዳል አለ አይደል፤ ከእሱ ኋላ፣ በተረከዝ በኩል፣ ሌላ ፔዳል አለው? ፎቶው ላይ አለው መስሎኛል፤ ግን ጥላ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳታረጋግጪ እንዳትጽፊልኝ።

መቼ ይመጣሉ ላልሽኝ፣ የሞተሩ ነገር ሲያልቅ ይታሰባል። እታለምን ሳሚልኝ።

አጎትሽ


ታህሣሥ 12 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛልኝ። እኛ ከመናደድ በስተቀር ደህና ነን።

ባለ መሀረቡ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ገበያ ቀዝቅዞበት ነው መሰለኝ ዛሬ ለስለስ ብሏል። «ከግቢ እንዳትወጪ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ግቢው ደግሞ በተሰባበሩ ሞተሮችና በጎማ ክምር የተሞላ ነው፤ የቀረው ቦታ ለእጅ ጋሪም አይበቃም። በዚያ ላይ ሰውዬው የኋላ ወንበሩን ይዞ እየተከተለ ይሮጣል፤ ብስክሌት እንደሚያስተምር አባት። «ልቀቀኝ» ብለው «አለቅሽም» አለኝ። ሁለተኛ ማርሽ እንኳ ሳላስገባ አለቀ።

መልሶችዎ ይኸውና። እግሬ ሙሉ በሙሉ ይረግጣል፤ እኔ አጭሯ ከረገጥኩ እርስዎ ጉልበትዎ ይታጠፋል። እግር አሻግሮ መውጣቱም ቀላል ነው፤ ከእኔ ሞተር በጣም ዝቅ ይላል። ክብደቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም አይሰማም፤ ሲያዘነብል ግን እንደ ተኛች ላም ነው፣ ሐሳቡን ከቀየረ አይመለስም። የኋላ ፔዳሉም አለ። ለምን እንደሆነ ባለ መሀረቡን ብጠይቀው «ለጌጥ ነው» አለኝ።

አሁን የእኔን ይስሙኝ። ጋሼ፣ በአንዱ ደብዳቤ ሞተሩን ንጂው ይሉኛል፣ በሌላው ፔዳል ቁጠሪ ይሉኛል። ቀን ሙሉ ከበረት በረት ስዞር ውዬ ነው እዚያ ሰውዬ ፊት ቆሜ የምለማመጠው። እናቴም ሰምታለች። ባለ መሀረቡ በተውኩለት የቤት ስልክ ደውሎ «አጎትየው ምን ወሰኑ?» ብሎ እሷኑ ጠየቃት። ያለችው ይህን ነው፤ «መጀመሪያ እሱ ይምጣ። ከመጣ በኋላ ከፈለገ አውሮፕላን ይግዛ።»

እውነቷን ነው። ካቻምና እመጣለሁ አሉን፣ ክፍሉ ቀለም ተቀባ። አምና እመጣለሁ አሉን፣ ፍራሽ ተገዛ። ፍራሹ ላይ አሁን ድመቷ ናት የምትተኛው፤ ስንነካት ትቆጣናለች። ይምጡ ብዬ አልጨቀጭቅዎትም፤ የማይመጡ ከሆነ ግን ሞተሩ ለማን ነው?

የእህትዎ ልጅ


ጥር 21 ቀን

ለሐኪሟ፤

ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ለጌጥ አይደለም። የሚሸጠውን ዕቃ ለማያውቅ ሰው ብዙ ጆሮ አትስጪው። የፊተኛው ፔዳል በጣት ወደ ታች ይረገጣል፣ የኋለኛው ደግሞ በተረከዝ ወደ ታች ይረገጣል፤ አንዱ ማርሽ ይቀንሳል፣ ሌላው ይጨምራል። ስለዚህ እንደ አንቺ ሞተር የጫማ ጫፍ ከፔዳሉ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ማንሳት አያስፈልግም። ይሠራ ከሆነ ማለቴ ነው። ያረጀ ከሆነ ማርሹ ይነክሳል፣ አልገባም ይላል።

ይህን መንገድ ላይ አውጥተሽ ሞክሪልኝ። እንደምንም አሳምኚውና አስፋልት ላይ ንጂው። ከመነሻሽ እስከ መመለሻሽ የግራ እግርሽን ጣቶች አንድ ጊዜም ወደ ላይ እንዳታነሺ። በመርገጥ ብቻ ንጂው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

ስለ ፍራሹ የጻፍሽውን አንብቤአለሁ። ድመቷን አታስነሷት።

አጎትሽ


የካቲት 17 ቀን

ለማከብርዎ፣ ለምወድዎ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ጤናዎን ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታውን የምጽፈው ለወጉ አይደለም።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ተናድጄ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ ማለት ለእኔ ምን ዓይነት መልስ ነው እያልኩ አንዲት ላም ላክም ሄድኩ። ከባድ ወሊድ ወልዳ፣ ጥጃው በመከራ ወጥቶ፣ ከተነሳች ወዲህ የኋላ እግሯን ትጎትታለች። ሰኮናዋ ፊት ለፊቱ እየታጠፈ መሬቱን ይፍቃል። ባለቤቲቱ «ተሰበረች እንዴ?» አለችኝ።

«አልተሰበረችም» አልኳት። «ነርቯ ተጎድቶ ነው። እግሯን መርገጥ ትችላለች፤ ማንሳት ነው ያቃታት።»

ይህን ከአፌ እንዳወጣሁ እጄ ደብዳቤዎ ወዳለበት ኪሴ ሄደ። ሴትዮዋ «ምነው?» ስትለኝ ምንም አልኳት። ላሟን አክሜ ስጨርስ በረቱ አጥር ላይ ተደግፌ ደብዳቤዎን ከኪሴ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ቀጥሎ ቤት ገብቼ የበፊቶቹን አነበብኩ። «በተለይ ወደ ግራ ሲያዘነብል እዪው።» «እግር አሻግሮ ለመቀመጥ ምን ያህል ማንሳት ይጠይቃል?» ጋሼ፣ ግራ እግርዎ ምን ሆነ?

መልስዎን መጠበቅ አልቻልኩም፤ መልስዎ ሁልጊዜ ይዘገያል። እኔን ሆነሽ ንጂው ብለውኝ ነበር፤ በትክክል እርስዎን ሆኜ ልንዳው አልኩ። የጥጃ እግር የምጠግንበትን ስንጥር ወስጄ የግራ ቁርጭምጭሚቴን በፋሻ አሰርኩት፤ ሱሪዬን አወረድኩበት። ባለ መሀረቡን ያሳመንኩት ደግሞ የራሴን ሞተር ከነቁልፏ አስይዤው ነው። እሱም አላመነኝም፤ በእኔው ሞተር ተከተለኝ። «ይቺን እንዴት ነው የምትነጂያት፣ ወገብ ትሰብራለች» እያለ ከኋላዬ ይጮሃል።

እውነቱን ልንገርዎ። መንገዱ ላይ ስወጣ ደስ አለኝ። የተረከዙ ፔዳል ይሠራል፤ በመርገጥ ብቻ ሁሉም ማርሽ ገባልኝ፣ አንዴም አልነከሰም። ሞተሩ አይጮህም፣ ያጉረመርማል። ንፋሱ ደረቴን ሲገፋኝ፣ እግሬ ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ የታሰርኩ መሆኔን ረሳሁት። ለምን እንደፈለጉት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከወንዙ ድልድይ እስከ ሆስፒታሉ ያለውን መንገድ እየዘፈንኩ ነው የሄድኩት፤ ባለ መሀረቡ ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም።

ከሆስፒታሉ በኋላ ዳገቱ አለ፣ ጫፉ ላይ የትራፊክ መብራት። ቀይ በራ። ፍሬን ያዝኩ፣ የግራ እግሬን ለማሳረፍ አወረድኩ። ቁርጭምጭሚቴ አይታጠፍም፤ መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ጫማዬ በጎኑ አረፈ። ሞተሩ ትንሽ አዘነበለ። ላቆመው ገፋሁ፣ እግሬ ከሥሬ ሸሸ። ከዚያ በኋላ የማደርገው አልነበረም። አብረን ወደቅን።

ክርኔ ተላጠ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። መስታወቱ ተሰበረ፣ በግራ እጅ የሚያዘው የፍሪሲዮን እጀታ ጎበጠ። ባለ መሀረቡ ሞተሬን መንገድ መሀል ጥሎ እየሮጠ መጣና መጀመሪያ ሞተሩን አነሳ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ሱሪዬ ተሰብስቦ ስንጥሩ ታየው። «እግርሽ ተሰብሮ ነው እንዴ የነዳሽው?» አለኝ። «የአጎቴ ነው» አልኩት። ምን ይበል፤ መሀረቡን ሰጠኝና ክርኔን ጠረግሁበት።

ጋሼ፣ ሲሄዱበት የሚያምርብዎት ሞተር ነው። ሲቆሙ ግን ይጥልዎታል። እኔን የጣለኝ ደህና የሆነው እግሬን አስሬው ነው፤ እርስዎ የሚፈታልዎት የለም። አይግዙት።

የሆነውን ይንገሩኝ። ለእናቴ እስካሁን ምንም አላልኳትም።

የምትወድዎት የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

እኔ በሬ አይደለሁም። ሳልጠራሽ መጥተሽ እግሬን እያነሳሽ እንድትመረምሪኝ አልጠየቅሁሽም። የጠየቅሁሽ ሞተር እንድትሞክሪልኝ ነበር።

በዚያ ላይ ተሞኝተሽ ታስረሽ ነድተሽ ብትወድቂ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። እኔ እንደ አንቺ ትንሽ አይደለሁም፣ ክብደት አለኝ፣ ጉልበት አለኝ። ሌላ ሰው ፈልጌ አስገዛዋለሁ። ነገሩ ካንቺ እጅ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ባለ መሀረቡ ጋ አትሂጂ።

ክርንሽ ዳነ?

አጎትሽ


ሚያዝያ 14 ቀን

ለአጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ። ክርኔ ድኗል።

ሞተሩ አልተሸጠም። ቁልፉ ባለ መሀረቡ ጋ ነው፤ የሚልኩት ሰው እዚያው ያገኘዋል። የመስታወቱንና የእጀታውን ነገር እኔ ጨርሻለሁ፣ አይጨነቁ።

እናቴ በየቀኑ «ደብዳቤ መጣ?» ትለኛለች። መጣ ስላት «ምን አለ?» ትለኛለች። ደህና ነኝ ይላል እላታለሁ። ይህን ካሁን በኋላ አልላትም፣ ጋሼ። እርስዎ ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ። ምን እንደምነግራት እንኳ አላውቅም፤ የማውቀው ላሟ የሆነችውን ብቻ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለልጄ፤

እንደምን አለሽልኝ? ፈጣሪ ክፉውን ሁሉ ከደጃፋችሁ ያርቅ። ያለፈው ደብዳቤዬ አናዶሽ ይሆናል፤ ስጽፈው እኔም ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ ሳላውቅ።

ሌላ ሰው አልላክሁም። ራሴ ሄድኩ። እዚህ ካለሁበት ብዙም የማይርቅ አንድ ትልቅ የሞተር መደብር አለ፤ እዚያ ያንኑ ዓይነት ክሩዘር አገኘሁ። የምትሸጠው ወጣት ሴት ናት፤ ሥርዓት ያላት። ገና ሳልጨርስ «ከኋላ ባለው ሜዳ ይንዱት» ብላ ሄልሜት ሰጠችኝ። ስንት ወር ሙሉ አንቺን ሳይገዙ አይነዳም እያለ ያንገላታሽ ሰውዬ ትዝ አለኝ። እዚህ የሚከለክል የለም። ያን ቀን የሚከለክለኝ ሰው ነበር የሚያስፈልገኝ።

ሜዳውን ዞርኩት። ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ተረከዜን ስጫነው ማርሹ ይገባል፣ ግራ እግሬ ያዘዝኩትን ያደርጋል። እንዲህ ከታዘዘልኝ ስንት ጊዜው። ደጋግሜ ዞርኩ። ልጅቷ ከሩቅ ሆና አውራ ጣቷን ታሳየኛለች። ልመለስ ስል አጠገቧ ላቆም ፍሬን ያዝኩና እግሬን አወረድኩ። የት እንዳረፈ አልተሰማኝም። ዳገት እንኳ አልነበረም፣ ልሙጥ ሜዳ ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ላዬ ላይ ተኛ።

ልጅቷና አንድ መካኒክ አነሱልኝ። «ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል» ብላ ውኃ ሰጠችኝ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። አምና፣ ልመጣ ተዘጋጅቼ ሳለ፣ መጋዘኑ ውስጥ ከጭነት መኪና ጀርባ ዕቃ ይዤ ስወርድ ወደ ኋላዬ ወደቅሁ። ወገቤን ነው የመታኝ። ቀዶ ጥገና አደረጉልኝ፤ ወገቤ ዳነ፣ የግራ እግሬ ነርቭ ግን አልተመለሰም። ጫማዬ ውስጥ የፕላስቲክ መደገፊያ አደርጋለሁ። እሱን ሳወልቅ ጣቶቼ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ ስራመድ እግሬ ወለሉን ጧ ጧ ያደርገዋል። ታች የሚኖሩት ጎረቤቴ መዶሻ የምመታ መስሏቸው መጥተው አንኳኩ። ምን ብዬ እንደመለስኳቸው አታውቂም፤ አዎ፣ መዶሻ ነው አልኳቸው።

ሥራ የለኝም። መጋዘኑ ይሞላል ይራገፋል ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው፤ በመስኮት እንኳ አይታየኝም። ስልክ የማላነሳው ድምፄን እንዳታውቁብኝ ነው። እታለም ድምፄን ስትሰማ ምን እንደበላሁ ሁሉ ታውቃለች።

ሞተሩን የፈለግሁት ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ «ፈረሱ» ይሉኝ እንደነበር እናትሽ ነግራሽ ይሆናል። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በሩጫ ነበር የምሄደው፤ ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር። አሁን በዚያ መንገድ እግሬን እየጎተትኩ ልገባ ነው። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን አንካሳ አይመስልም። በሞተር መጥቼ፣ በር ላይ አቁሜ፣ ትንሽ ተቀምጬ፣ ሰው ሁሉ በሞተሩ ሲደነቅ ቀስ ብዬ ልገባ ነበር ሐሳቤ። ስጽፈው ያሳፍራል፤ ሳስበው ግን በጣም ያምር ነበር።

ትኬት ቆርጫለሁ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እመጣለሁ፤ ዘንድሮ እውነት ነው። ለእታለም ንገሪያት፤ እኔ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። መሽቶ የሚደርሰውን አውሮፕላን ነው የያዝኩት። መኪና ተከራይተሽ ተቀበይኝና ግቢ ውስጥ ድረስ ይግባ። ሰው ሳያየኝ ልግባ፤ ሌላው ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

አጎትሽ


ሰኔ 9 ቀን

ለማከብርዎ፣ ለምወድዎ አጎቴ፤

ጋሼ፣ መንገድዎን ያቅናልዎ።

ነገርኳት። ልብስ ልታሰጣ ግቢ ውስጥ ነበረች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። «የትኛው እግሩ ነው?» አለችኝ። ግራው አልኳት። የያዘችውን አንሶላ ጨምቃ እንደገና ጨመቀችው፤ ጠብታ አልቀረውም ነበር።

ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ተናደደች። በእርስዎ ብቻ አይደለም፣ በእኔም ነው። «አንቺ ከየካቲት ጀምሮ ታውቂያለሽ? ደህና ነኝ ይላል ትይኛለሽ?» አለችኝ። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። መድኃኒቷን እንኳ ከፊቴ አልዋጠችም፤ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘግታ ነው የምትውጠው። ባለ መሀረቡ ደግሞ ያን ሰሞን ደውሎ «አጎትየው ወሰኑ?» ሲላት «ወስኗል፣ አይገዛም፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትደውል» ብላ ዘጋችበት። ለሰውዬው አዘንኩለት፤ እንዲህ የማዝንለት አይመስለኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠርታ አስቀመጠችኝና እንድጽፍልዎ ያለችኝን እነሆ፣ ቃሏን ሳልቀይር።

«መሽቶ አይገባም። ትኬቱን ይቀይርና በቀን ይምጣ። መኪናው ግቢ ድረስ አይገባም፤ መንገዱ ጫፍ ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ያውርደው። እኔ ወንበር አውጥቼ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ከዳቦ ቤቱ እስከ በሩ ራሱ ይራመድ። ጧ ካለ ጧ ይበል። ያየ ይይ፣ የሚጠይቅ ይጠይቅ፣ በዚያው ቀን ይለቅ። ተደብቆ ከገባ ዕድሜ ልኩን ተደብቆ ሊኖር ነው፤ እኔ ደግሞ በስተርጅናዬ መጋረጃ ስዘጋለት አልኖርም። አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅሁት ወንድሜን ነው፤ እግሩን አይደለም።»

ይህን ስጽፍ «ተቆጥቼ ነው በይው» አለችኝ። «ያስታውቃል» አልኳት።

አብሬዎት ልራመድ ፈቃድ ጠየቅኋት። «ካልጠራሽ ከወንበርሽ እንዳትነሺ» ብላኛለች። ስለዚህ መኪናውን አውሮፕላን ማረፊያ እልክልዎታለሁ፤ እኛ ሁለታችንም በሩ ላይ ተቀምጠን ነው የምንጠብቅዎት። መንገዱ መሀል ላይ ሲደርሱ ከደከመዎት ቆም ይበሉና ይጥሩኝ። ድምፅዎ ባይወጣ እንኳ እጅዎን ብቻ ያንሱልኝ።

የምትወድዎት የእህትዎ ልጅ